ሁለት ጣት ከመንጋጋ ሥር

ጥቅምት 6 ቀን

ለተከበርሽው እታለም፣ የጤና ትምህርት ቤት ሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ የሙቀት መለኪያ አራጋፊ፣ የመርፌ እመቤት፤

በታላቅ ሐዘንና በተሰበረ ልብ የሚከተለውን ከባድ ዜና አስታውቅሻለሁ። ተቀመጪ። ከተቀመጥሽ ተነሺና በሩን ዝጊ፣ ከዚያ ተመልሰሽ ተቀመጪ። የቤታችን ብቸኛ ወንድ፣ የሶፋ ቤቱ ዓምድ፣ የሰፈሩ ሁሉ ራስ ምታት የሆነው ታናሽ ወንድምሽ ቃሪያ፣ ከግራ መንጋጋው ሥር አንድ እብጠት ተገኝቶበታል። እብጠቱ የመጣው ሳይጠራ፣ ያለ ዋስ፣ ሻንጣ እንኳ ሳይዝ ነው። ኪራይ አይከፍልም። ውጣ ሲሉት አይወጣም። ስለዚህ ተከራዩ ብዬዋለሁ።

ሰላምታ መቅደም ነበረበት፣ ረሳሁት። እንደምን ከርመሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ። ከናፍቆትሽና ከተከራዩ በስተቀር ማለቴ ነው።

ይህን የምጽፍልሽ ቃሌን ልጠብቅ ብዬ ነው። እማዬ በተቀበረች ማግስት ደርሰሽ፣ ሻንጣሽን ሳታወርጂ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለሽ፣ «ከእንግዲህ አንድ ነገር ከደበቅከኝ ወንድም የለኝም» ብለሽኛል። ያኔ ምያለሁ። ዓመት ከሁለት ወር ሆነው፤ ከዚያ ወዲህ አንዳች የደበቅኩሽ ነገር የለም።

ለጋሼ ስፖንጅ አሳየኋቸው። አሠሪዬን ማለቴ ነው፤ ሆዳቸው ሲጫኑት ተመልሶ ስለሚነፋ እኔ ያወጣሁላቸው ስም ነው፣ ከእሳቸው በቀር ሁሉም ያውቀዋል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ጨርቅ የምንለካበትን ሜትር አውጥተው ለኩት። ንፍፊት ነው፣ እግርህን የሆነ ነገር መትቶህ ይሆናል አሉ። እግሩን የተመታ ሰው ንፍፊቱ ብሽሽቱ ላይ ይወጣል እንጂ አንገቱ ላይ ምን ይሠራል፣ አድራሻ ጠፍቶት ነው ወይ ብላቸው፣ ሜትሩን ወረወሩብኝ።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አትሳቂ። እብጠቱን ያገኘሁት እኔ አይደለሁም።

ከትምህርት ቤት ስንመለስ እማዬ ደጃፍ ላይ አስቁማን፣ ሁለት ጣቷን ከመንጋጋችን ሥር አስገብታ፣ ጫን ጫን አድርጋ፣ «ንፍፊት የለም፣ ግቡ» ትል እንደነበረ ትዝ ይልሻል? ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ፊቴን ታጥቤ፣ ሳሙና ዓይኔ ገብቶ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ፎጣ ፍለጋ ግድግዳውን በሁለት እጄ ስዳብስ፣ ሁለት ቀዝቃዛ ጣት ከመንጋጋዬ ሥር ገባ። ጫን፣ ጫን። ዓይኔን ስገልጥ ሁለቱም እጆቼ ግድግዳው ላይ ነበሩ። «ግባ» የሚለኝ ድምፅ ጠበቅኩ። የለም። ከዚያ በራሴ ጣት ስነካው ተከራዩ ተደላድሎ ተቀምጧል።

ለማንም አልነገርኩም። ላንቺም የነገርኩሽ በመሐላ ስለተያዝኩ ነው። ወሬዬ አላለቀም፣ ቀለሙ ነው ያለቀው።

ቃሪያሽ


ጥቅምት 19 ቀን

ቃሪያ፤

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ እንደ እህት፣ አንዴ እንደ ተማሪ። እንደ እህት አጠገቤ ብትሆን ጆሮህን እቆነጥጥህ ነበር።

«ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ» የምትለውን ሁለተኛ አትጻፍልኝ። እማዬ እየተናገረች አንተ ስትጽፍላት ሰባት ወር ሙሉ የላካችሁልኝ ያችኑ ቃል ነው። እኔም እዚህ ሆኜ፣ የእናቴ በሽታ ናፍቆቴ ብቻ ነው ብዬ ስኮራ ከረምኩ።

አሁን ወደ አንገትህ። ከደም ሥሮቻችን እያመለጠ ሥጋችን መሐል የሚገባ ውሃ መሰል ፈሳሽ አለ፤ ሊምፍ ይባላል። የራሱ ቀጫጭን መንገዶች አሉት፣ በእነሱ ዞሮ ተመልሶ ደም ውስጥ ይገባል። ደምን የሚገፋው ልብ ነው፤ ሊምፍን ግን የሚገፋው ልብ የለም፣ ሰውየው ሲንቀሳቀስ ነው እሱም የሚሄደው። በመንገዱ ላይ፣ አንገት፣ ብብት፣ ብሽሽትና ሆድ ውስጥ፣ የባቄላ ፍሬ የመሰሉ ትንንሽ ዕጢዎች ተቀምጠዋል። ፈሳሹ በእነሱ ውስጥ ሲያልፍ ይጣራል፤ ተዋስያን ከያዘ እዚያው ይያዛል፣ ዕጢውም ከተዋስያኑ ጋር ሲታገል ያብጣል። እኛ ቤት ንፍፊት የምንለው ይህንን ነው። ዕጢ የሚል ቃል ሰምተህ ደግሞ እንዳትደነግጥ። ሰው ሁሉ ከተወለደ ጀምሮ ከአምስት መቶ በላይ አለው።

ስለዚህ ሳትቀልድ መልስልኝ። ሲነኩት ያምሃል? ሲገፉት ይንሸራተታል ወይስ እንደ ድንጋይ ተተክሏል? ትኩሳት አለህ? ልብስህ ሰፍቶሃል? ጥርስህን፣ ድድህን፣ ጆሮህን፣ የራስ ቆዳህን የነካው ቁስል አለ? በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሂድ።

ስለ ጣቶቹ አልስቅም። ልምምድ የጀመርን ዕለት አንዲት አሮጊት ፊት ቆሜ፣ ምን እንደማደርግ ገና ሳይነገረን፣ ሁለት ጣቴ በራሱ ሄዶ ከመንጋጋቸው ሥር ገባ። መምህራችን ማን አስተማረሽ አለችኝ።

እግረ መንገዴን፤ ሐኪሙ እማዬን ያያት ዕለት የሰጣት ወረቀት ነበረ። ሣጥኗ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። የት ገባ?

እህትህ


ጥቅምት 30 ቀን

ለዕጢዎች ሁሉ ጠበቃ፣ ለእታለም፤

አምስት መቶ ዘበኛ እንዳለኝ ሳላውቅ ሃያ ዓመት በሬን በራሴ ስዘጋ ኖርኩ። ደግሞ አንዱ ብቻ ሲሠራ አራት መቶ ዘጠና ዘጠኙ ምን ያደርጋሉ? ስለ ሊምፍም ለጋሼ ስፖንጅ አስረዳኋቸው። ልብ የለውም፣ ካልተንቀሳቀሱ አይሄድም ስላቸው፣ እንግዲህ ደንበኞቻችንን ሶፋ ላይ አስቀምጠን የምንገድለው እኛ ነን በላ ብለው፣ ያን ዕለት ከሰዓት ሁሉ ቆመው ዋሉ።

ጥያቄሽን በተራ ልመልስ። ሲነኩት ያማል። ሲገፉት እንደ ሳሙና ሸርተት ይላል። ልብሴ አልሰፋኝም፤ ድሮም የሰው ልብስ ስለሆነ ሰፊ ነው። ትኩሳት የለኝም።

ጤና ጣቢያም ሄጃለሁ። ያየኝ መነጽሩን በክር ያሰረው ጤና መኮንን ነው፣ ያኔ እማዬን ያየው። ያወቀኝ አልመሰለኝም። አንገቴን፣ ብብቴን፣ ብሽሽቴን ነካካ፤ ብሽሽቴ ላይ ሲደርስ ሳቄ አመለጠኝ። አፍህ ውስጥ ቁስል አለ ወይ፣ ምን ትበላለህ አለኝ። «ሚስማር» አልኩት። ከልቡ ሳቀ። በባትሪ አየ፣ ምንም አላገኘም። ይህን ያልኩት እንዲስቅ አልነበረም እኮ። አንቺ ታውቂያለሽ፣ በአንድ እጃችን መዶሻ፣ በአንድ እጃችን ጨርቅ ወጥረን ስንይዝ ሚስማሩ የሚቀመጥበት ሌላ ቦታ የለም። ሃያ ትንንሽ ሚስማር በጉንጫችን ይዘን፣ በምላሳችን አንድ አንዱን እያወጣን ነው የምንመታው። እኔ ስዋሽ ሰው ያምነኛል፣ እውነት ስናገር ይስቃል። ይህ እርግማን ነው መሰለኝ።

ወረቀት ጻፈልኝ። በሁለት ሳምንት ካልጠፋ ከዕጢው በመርፌ ናሙና ይወሰድ ይላል። ዕጢ የምትለውን ቃል ሳነብ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ሰው ሁሉ አለው ብለሽኛል፣ አልረሳሁትም። ቢሆንም ደብዳቤሽን ከኪሴ አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት።

የእማዬን ወረቀት በተመለከተ፣ አይጥ በልቶት ይሆናል። ከሆነ ያ አይጥ ዛሬ ከእኔ የተሻለ የተማረ ነው።

አሁን ስለ ሌላ ነገር ላውራሽ። መስኮቱ ሥር ያለው የእማዬ ባለ እጀታ ወንበር ይጮኻል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከወንበሩ ላይ ዞር ስትል፣ ሞላው ጥዝዝዝ ብሎ ዝም ይላል። ሙያዬ ነውና ስለ ሞላ ድምፅ እኔን ልትሰሚኝ ይገባል። ሰው ሲቀመጥ የሚሰማው ድምፅ ሌላ ነው፣ አጭርና ወፍራም። ሲነሣ የሚሰማው ሌላ ነው፣ ቀጭንና ረጅም። ይህ የመነሣት ድምፅ ነው። በየቀኑ አንድ ሰው ከዚያ ወንበር ይነሣል። ሲቀመጥ ግን ሰምቼው አላውቅም።

እማዬ ዓመት የሞላት ዕለት ልከፍተው ፈልጌ ነበር። አፌን ሚስማር ሞልቼ፣ አጠገቡ ተንበርክኬ እጄን ስሰነዝር ጮኸ። ደንግጬ አፌን ግጥም አደረግኩ። ሚስማሩን ተፍቼ፣ ደሜን ተጉመጥምጬ፣ ወደ ሥራ ሄድኩ።

ለምን ልትከፍተው ፈለግክ እንዳትዪኝ። ሞላው እንዲቀየር ነው።

ቃሪያ


ኅዳር 14 ቀን

ወንድሜ፤

ዛሬ ከክፍል ወጥቼ ነው የምጽፍልህ። አሞኛል ብዬ ወጣሁ። አላመመኝም፤ ፊቴን ታጥቤ መተላለፊያው ላይ ቆምኩ።

መምህራችን ስለ ነቀርሳ ስታስተምር ነበር። ይህን ልብ ብለህ አንብበው። እኛ ነቀርሳ ስንል ካንሰር ማለታችን ነው፤ ሰው ቃሉን ከሰማ እጁን ይሰበስባል፣ ከዚያ ወዲያ መድኃኒት የለም ይላል። ግን ከድሮ ጀምሮ ሳል የሚያመጣውን ቲቢንም ነቀርሳ እንለዋለን፤ የሳንባ ነቀርሳ ሲባል ሰምተሃል። ሁለት የማይገናኙ በሽታዎች አንድ ስም ይዘው ይኖራሉ። ቲቢ ደግሞ ሳንባ ላይ ብቻ አይቀመጥም። በሊምፍ መንገድ ሄዶ አንገት ላይ ያሉት ዕጢዎች ውስጥ ይገባል። ያብጣሉ፣ አንዳንዴ አያሙም፣ ሰውየው ይከሳል፣ ሲተኛ ትራሱ በላብ ይርሳል። ጤና ጣቢያ የሚጽፉት «የዕጢ ነቀርሳ» ብለው ነው።

በክኒን ይድናል። ስድስት ወር በየቀኑ ይውጣሉ፣ ይድናሉ። መምህራችን ይህን ያለችው እንደ ቀላል ነገር፣ ሰሌዳውን እየጠረገች ነው።

እማዬ አንገቷ ላይ የነበረው አያማትም ነበር። መክሳቷን፣ ትራሷን ጎረቤቶች ነግረውኛል። አንተን ስጠይቅህ «ሐኪሙ ምንም አላለም» ነበር ያልከኝ። እሷ ማንበብ አትችልም። ያነበብክላት አንተ ነህ።

ወረቀቱ ምን ይል ነበር?

የራስህም ሁለት ሳምንት አልፏል። ተመለስ።

እህትህ


ኅዳር 27 ቀን

ለእታለም፤

እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጋሼ ስፖንጅም ደህና ናቸው። ሥራ በዝቶ ጤና ጣቢያ አልተመለስኩም፤ አንድ ሆቴል አርባ ወንበር አምጥቶ ጥሎብናል። ተከራዩ አድጓል፤ አሁን የሶፋ ቁልፍ ያክላል፣ ጨርቅ ብናለብሰው ከዕቃችን አይለይም።

ለጠየቅሽኝ ነገር፣ ጊዜው ስለራቀ በደንብ አላስታውስም። የሐኪም ጽሑፍ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው።

እዚያ ብርዱ እንዴት ነው? ሹራብ አለሽ?

ቃሪያ


ታኅሣሥ 9 ቀን

ቃሪያ፤

ሹራብ አለኝ።

ደብዳቤህ ውስጥ አንድም የረባ ቀልድ አልነበረም፤ ስለዚህ ገባኝ።

የሰባተኛ ክፍል ውጤትህን ለእማዬ እንዳላነብላት የት ደበቅከው? ፍራሽ ውስጥ። ልታናድደኝ የወሰድከውን ፎቶግራፌን የት አገኘሁት? ትራስ ውስጥ፣ ሰፍተህበት። አንተ ነገር የምትደብቀው ሰው የሚቀመጥበት ወይም የሚተኛበት ነገር ውስጥ ነው። ከልጅነትህ ጀምሮ ሌላ ቦታ አታውቅም፤ ለዚህ ይመስለኛል ሶፋ ሠሪ የሆንከው።

ወንበሩን ክፈተው። ያገኘኸውን ላክልኝ። የራስህንም ወረቀት ይዘህ ተመለስ። ሁለቱንም እኩል ነው የማዝህ፤ አንዱን ብቻ ብታደርግ እንዳላደረግክ እቆጥረዋለሁ።

እህትህ


ታኅሣሥ 22 ቀን

ለእህቴ፤

እሑድ በጠራራ ፀሐይ፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። አፌ ውስጥ ሚስማር አልያዝኩም። ጨርቁን ገለጥኩ፣ ጆንያውን ቀደድኩ፤ ከሞላዎቹ መሐል አራት ቦታ ታጥፎ ተቀምጧል። አንቺ ልትደርሺ አንድ ቀን ሲቀርሽ ነው ያስገባሁት። ይኸው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው።

ከፍተሽ እስክታይው ልንገርሽ። ሁለት መስመር ነው። የመጀመሪያው «የአንገት ዕጢ ነቀርሳ» ይላል። ሁለተኛው «መድኃኒት ለመጀመር በሦስት ቀን ውስጥ ትመለስ» ይላል። ዶሮ አልጫረውም፤ ጥርት ያለ ጽሑፍ ነው፣ ዋሽቼሻለሁ።

እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ዕጢ ክፉ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ነቀርሳ ደግሞ የክፉ ክፉ እንደሆነ አውቃለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ ተጽፈው ሳይ ቀልቤ ተገፈፈ። መድኃኒት የሚለውን አላየሁም ብልሽ ይቀለኝ ነበር። አይቼዋለሁ። ለማስታገሻ መሰለኝ። የማይድን ሰው ሆዱ እንዳይባባ የሚሰጡት መሰለኝ።

እማዬ ልብስ እያጠበች ነበር፤ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነው። ምን ይላል አለችኝ። አፌን ከፈትኩ፣ አፌም የለመደውን አመጣ። ወረቀቱን እንደ ዳኛ ከፍ አድርጌ ይዤ፣ ድምፄን አወፍሬ አነበብኩላት።

«ሴትዮዋ ፍጹም ጤነኛ ናት። እብጠቱ ሳይነገር የተጠራቀመ ቁጣ ነው። መድኃኒት፦ ልጇን በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ፣ ትቆጣ።»

በዚህ አለቀ። መመለስ የሚል ነገር አላነበብኩላትም፤ አልተመለሰችም።

ላድናት አይደለም የዋሸሁት፤ እንደማትድን ወስኜ ነበር። የቀራትን ጊዜ ሳትፈራ ትኑር ብዬ ነው። በአራተኛው ወር ሳሉ ሲበረታባት ግን ፈራሁ፣ እንሂድ አልኳት። ሹራቧን በአንገቷ ዙሪያ እየሰበሰበች «ሐኪሙ ራሱ ጤነኛ ናት ብሎ ጽፎ የለ? አንተው አይደለህ ያነበብክልኝ?» አለችኝ። ያን ጊዜ እውነቱን ብነግራት ኖሮ መድኃኒቱን ለመጀመር ገና ሦስት ወር ነበራት። ነቀርሳ ነው ልላት አልደፈርኩም። ከዚያ ተቀምጠን ላንቺ ደብዳቤ ጻፍን፤ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ አለች፣ ጻፍኩ።

አንቺ ስለ ነቀርሳ ሁለት ትርጉም እስክትጽፊልኝ ድረስ፣ እኔ የማውቀው አንድ ውሸት መዋሸቴን ብቻ ነበር። ለእናቴ ያደረግኩት አንድ ደግ ነገር ነው ብዬ ነበር የያዝኩት። ያንን ደብዳቤሽን ሶፋ ቤት ቆሜ ነው ያነበብኩት። ጋሼ ስፖንጅ ምን ሆንክ አሉኝ። ሚስማር ዋጥኩ አልኳቸው። ሳቁ።

እንግዲህ ወንድም የለኝም ብለሽ ከሆነ ይገባኛል። ይህን ደብዳቤ ዛሬ ፖስታ ቤት አስገባዋለሁ፤ ከፖስታ ቤቱ ወደ ጤና ጣቢያ አንድ መንገድ ነው። ሁለቱንም እኩል ነው ያዘዝሽኝ።

ቃሪያ


ጥር 17 ቀን

ለእታለም፤

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ሦስት ሳምንት በር በሩን ሳይ ከርሜ አራት መስመር ላክሽልኝ። ፖስታውን ሳልከፍት ግማሽ ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ስከፍተው የመጀመሪያው ቃል «ቃሪያ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ቀስ ብዬ አነበብኩት፤ አልቸኮልኩም።

ስለ ወረቀቱ ምንም አላልሽም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሽኝ። እሱን መጨረሻ ላይ እመልሳለሁ።

ጤና መኮንኑ ለካ ገና በመጀመሪያው ቀን አውቆኛል። ወረቀቴን ሲቀበለኝ፣ አንተ እንኳን ተመለስክ አለኝ። ያኔ የእናትህን መድኃኒት በስሟ ለይቼ አስቀምጬ ነበር፣ ጊዜው እስኪያልፍ ጠበቅኳት፣ ምነው ቀረች አለኝ። ነገርኩት። አንድም ቀልድ ሳልጨምር፣ አሁን ላንቺ በጻፍኩት ልክ ነገርኩት። አልሳቀም። መነጽሩን አወለቀና ክሩን ሲፈታና ሲያስር ቆየ። ከዚያ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ አፍህን ክፈት፣ ያኔ ሚስማር ያልከኝ እውነት ነበር ማለት ነው አለኝ።

ከኋለኛው ጥርሴ ሥር ድዱ ነጭ ነጥብ አውጥቷል። በመርፌ ነካ ሲያደርገው መግሉ ወጣ፣ ከመግሉ ጋር አንድ ጥቁር ነገር ሳህኑ ላይ ቅጭል ብሎ ወደቀ። የሚስማር ጫፍ ነው። እማዬ ዓመት የሞላት ዕለት፣ ወንበሩ ሲጮኽብኝ ደንግጬ አፌን የገጠምኩ ጊዜ የገባ ነው። ድዴ ላዩን ዘግቶ ውስጡን ሲመግል፣ ሊምፉ ቆሻሻውን እያጋዘ ለዕጢው ሲያስረክብ፣ ያ ምስኪን ዘበኛ ብቻውን ሲታገል ከርሟል። ተከራይ ብዬ የሰደብኩት እሱን ነው። ናሙና አላስፈለገም። ሰባት ቀን ክኒን ሰጠኝ። አንድም ቀን አላሳለፍኩም። እብጠቱ አሁን የለም፤ ስፈልገው አጣዋለሁ።

ሚስማሯን ክብሪት ቤት ውስጥ አስቀምጫታለሁ። አልደበቅኳትም፣ ጠረጴዛው ላይ ናት።

ወንበሩን መልሼ ሰፋሁት። ሞላዎቹን አልቀየርኩም። ባዶውን እንዲሆን ነው የፈለግኩት። ሁለት ሳምንት ዝም አለ። ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት፣ ፀሐይዋ ሳለች፣ እኔ ካልሲዬን ስጠቅም ድምፅ ሰማሁ። አጭርና ወፍራም። የመቀመጥ ድምፅ ነው። ዞር ብዬ አላየሁም። እስካሁን አልተነሣችም።

አሁን ጥያቄሽ። ያነበብክላት ጊዜ ሳቀች ወይ አልሽኝ።

ሳቀች። ባልዲው ላይ ተደግፋ፣ አረፋው ፊቷን እስኪነካ ሳቀች። ከዚያ ምሳችንን በላን፤ ሳህኑን አንሥታ ቆመችና፣ «አንተ ወስላታ፣ ጫማህን መንገድ ላይ ነው የምትተወው?» አለችኝ። ይኸው አንዱን ዋጥኩ አለች። ማታም ተቆጣችኝ፣ በማግስቱም። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ። መናገር ሲያቅታት በጣቷ እየጠቆመችኝ ትቆጣ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ መድኃኒቷን አንድም ቀን አላሳለፈችም፣ እታለም። ሐኪሙ ያስቀመጠላትን ብትውጥ ኖሮ እንደዚያው ነበር የምትውጠው።

እንግዲህ በጥቅምት ወር በታላቅ ሐዘንና በተሰበረ ልብ ያስታወቅኩሽ ከባድ ዜና ተመርምሮ፣ የሩዝ ፍሬ የማታክል የሚስማር ጫፍ ሆኖ ተገኝቷል። ስላስደነገጥኩሽ ይቅርታ። ጋሼ ስፖንጅም ምን ሆነህ ነበር ሲሉኝ እንደዚሁ ነው ያልኳቸው፤ ነገሩ ትንሽ ነገር ነበር። ጤና ጣቢያ ተመልሶ መሄድ ብቻ ነበር የሚፈልገው።

ወንድምሽ